ድጎማው ልጁን ይከተል

ልጅ ወላጆቹን በሞት ሲያጣ በአፍሪካ ምድር አስቀድሞ ደጁን የሚከፍትለት ዘመድ ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እኅት ማንም ሳያዛቸው ልጁን ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን ደብተርና ጫማ አይገዛም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት፣ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚሰጠው ገንዘብ በምን መንገድ ቢደርሰው እንደሚሻል እንመለከታለን። ምሳሌያችን ደቡብ አፍሪካ ናት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

1. ሁለት ዓይነት ድጎማ

የመጀመሪያው ለአደራ ልጅ የሚከፈለው ነው። ይህን ለማግኘት ልጁ በሕፃናት ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለአሳዳጊው በአደራ መሰጠት አለበት። ከዚያም በፊት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የልጁን ሁኔታ መርምሮ ዘገባ ያቀርባል። ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ለ2 ዓመት ስለሆነ በየጊዜው መታደስ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው በ1998 የተጀመረው የልጅ ማሳደጊያ ድጎማ ነው። መጀመሪያ ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ የድሀ ቤተሰብ ልጆች በወር 100 ራንድ ነበር፤ በኋላ እስከ 18 ዓመት ተዘረጋ። መሠረተ ሐሳቡ ገንዘቡ ልጁን ይከተል የሚል ነው። እናትም ትሁን አያት፣ ልጁን በየዕለቱ የምትንከባከበው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ትቀበለዋለች።

2. የልዩነቱ መዘዝ

የአደራው ድጎማ ከማሳደጊያው በእጅጉ ይበልጣል፤ በ2022 አንዱ በወር 1070 ራንድ፣ ሌላው 480 ራንድ ነበር። በኤድስ ምክንያት ብዙ ወላጆች ባለቁባቸው ዓመታት አያቶች ከፍ ያለውን ድጎማ ፈልገው ወደ ፍርድ ቤት ጎረፉ። በዚህ ማን ይነቅፋቸዋል? ነገር ግን ባለሙያዎቹ በዘመድ ቤት በሰላም የሚኖሩ ልጆችን ወረቀት በማደስ ተጠመዱ፤ የተደበደበውና የተጣለው ልጅ ተራ ይጠብቅ ጀመር። ብዙ ትእዛዞችም በወቅቱ ሳይታደሱ ቀሩ። በ2011 በፕሪቶሪያ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጊዜያቸው ያለፈባቸው ትእዛዞች እንዲራዘሙ በማዘዝ ችግሩን ለጊዜው አስታገሠ።

3. የተገኘው መፍትሔ

ከጁን 2022 ጀምሮ ዘመድ ለሚያሳድገው የሙት ልጅ በማሳደጊያው ድጎማ ላይ 240 ራንድ ተጨምሮ በወር 720 ራንድ ሆነ። የወላጅ ሞት ማስረጃ ይቀርባል እንጂ የአደራ ትእዛዝ አይጠየቅም። መጠኑ ከአደራው ድጎማ ቢያንስም፣ አያቲቱን ከፍርድ ቤት ደጅ ጥናት አድኗታል።

4. የምንማረው

አንደኛ፣ እርዳታ ልጁ ወዳለበት ቤት መሄድ አለበት እንጂ ልጁ በወረቀት ምክንያት ሊጉላላ አይገባውም። ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤትና ባለሙያ ከሁሉ በፊት በአደጋ ላይ ላለው ልጅ ሊደርሱ ይገባል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የአሳዳጊው ደመወዝ አይደለም፤ የልጁ ነው። የሚቀበለው ሰው አደራ ተቀባይ ነውና ስለ አደራው ይጠየቅበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን በዘመድ ቤት የሚያድጉ ልጆች እነማን ናቸው? አሳዳጊዎቻቸውስ ምን ይጎድላቸዋል?

ለ. የልደትና የሞት ማስረጃ ለሌላቸው ቤተሰቦች ማስረጃውን እንዲያወጡ ማን ሊያግዛቸው ይችላል?

ሐ. ለልጁ የተሰጠው እርዳታ ለልጁ መድረሱን አሳዳጊውን ሳናዋርድ እንዴት እናረጋግጣለን?