ከባሕር የሚገኙ ውሁዶችና ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት

መግቢያ

ሰው እጅግ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። አባባሉ ስለ ስሜት የሚነገር ቢሆንም፣ ቆሽት ራሱ በሚያመነጨው ኢንዛይም ተቃጥሎ የሚጎዳበት በሽታ በእርግጥ አለ። ይህ በሽታ የቆሽት ብግነት ይባላል። ብግነቱ በድንገት ተነሥቶ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲበርድ አጣዳፊ፣ ለዓመታት ቆይቶ የዕጢውን ጤናማ አካል በጠባሳ ሲተካ ደግሞ ሥር የሰደደ ይባላል።

ሥር የሰደደውን የቆሽት ብግነት ጉዞ የሚገታ ወይም አንዴ የተፈጠረውን ጠባሳ የሚመልስ መሆኑ ተረጋግጦ በሥራ ላይ የዋለ መድኃኒት እስካሁን የለም። ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት መዛባት የሚመነጨው አንዱ ዐይነት ብቻ ለስቴሮይድ መድኃኒቶች የመታዘዝ ባሕርይ አለው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች አዳዲስ ውሁዶችን በልዩ ልዩ ሥፍራ ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህም ሥፍራዎች አንዱ ባሕር ነው። በዚህ ጽሑፍ በሽታው እንዴት እንደሚፈጠር፣ ከባሕር የተገኙ ውሁዶች በየትኛው ደረጃ ላይ ሊረዱ እንደሚችሉ፣ እንዲሁም «በአይጥ ላይ ውጤት አሳየ» የሚል ዜና ሲሰማ በምን መመዘን እንዳለበት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆሽት ራሱን የሚፈጨው እንዴት ነው?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዕጢ ነው። ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት። አንደኛው ኢንሱሊንንና መሰል ሆርሞኖችን ወደ ደም ማመንጨት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምግብ የሚያደቅቁ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ከእነዚህ ኢንዛይሞች መካከል አሚሌዝ ስታርችን፣ ላይፔዝ ቅባትን፣ ትራይፕሲን ደግሞ ፕሮቲንን ይሰባብራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የቆሽት ሕዋሳት ራሳቸው ከፕሮቲንና ከቅባት የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ ኢንዛይሞቹ የተመረቱበትን ሕዋስ ለምን አይሰባብሩትም? መልሱ ትራይፕሲን በቆሽት ውስጥ ሲመረት ሥራ በማይሠራ መልኩ፣ ማለትም ትራይፕሲኖጅን ሆኖ በመመረቱ ላይ ነው። ይህ ሰይፍ በሰገባው እንደሚቀመጥ ያለ ጥንቃቄ ነው። ትራይፕሲኖጅን አንጀት ከደረሰ በኋላ ብቻ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ በሚገኝ ሌላ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ትራይፕሲን ይለወጣል።

በሽታው የሚነሣው ሰይፉ ገና በቆሽት ውስጥ ሳለ ሲመዘዝ ነው። ቆሽት ራሱን በራሱ እንደሚፈጭ ሐንስ ኪያሪ የተባሉ የበሽታ ጥናት ሊቅ በ1896 ጽፈው ነበር። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ በዘር የሚተላለፍ የቆሽት ብግነት ባለባቸው ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት የትራይፕሲኖጅን ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ ለበሽታው መንሥኤ መሆኑ ታወቀ። በጂን ምክንያት ከሚመጣው ሌላ ለረጅም ጊዜ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ ሲጋራ ማጨስና የቆሽት ቱቦ መዘጋት የታወቁ መንሥኤዎችና አባባሽ ምክንያቶች ናቸው።

ከብግነት ወደ ጠባሳ

የተጎዱት ሕዋሳት ለነጭ የደም ሕዋሳት የጥሪ ምልክት ይልካሉ። የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳትም ብግነቱን ያባብሳሉ፤ ይህ በተደጋጋሚ ሲከሠት ሌላ ዐይነት ሕዋስ ይነቃል። በቆሽት ውስጥ ቫይታሚን ኤን በቅባት ጠብታ መልክ አከማችተው በጸጥታ የሚኖሩ፣ ቅርጻቸው ኮከብ የሚመስል ሕዋሳት አሉ። ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በ1998 እነዚህን ሕዋሳት ከቆሽት ለይተው በማውጣትና በቤተ ሙከራ በማሳደግ ባሕርያቸውን ገለጹ። ኮከብ መሰል ሕዋሳት ሲነቁ የቫይታሚን ኤ ክምችታቸውን ያጣሉ፣ ይባዛሉ፣ ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲንም ያለማቋረጥ ያመርታሉ። የተከማቸው ኮላጅን ጠባሳ ይሆናል።

ጠባሳ ኢንዛይምም ሆነ ኢንሱሊን አያመርትም። ስለዚህ ሕመምተኛው የበላው ቅባት ሳይፈጭ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ከጊዜ በኋላም የስኳር በሽታ ሊይዘው ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ከላይኛው የሆድ ክፍል ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቀው ሥቃይ ነው። አሁን ያለው ሕክምና የጎደለውን መተካትና ሥቃዩን ማስታገሥ ነው። ከአሳማ ቆሽት የተዘጋጀ ኢንዛይም ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ኢንሱሊን ይታዘዛል፤ ቱቦው ከተዘጋ በመሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና ይከፈታል። አልኮልንና ሲጋራን መተው ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ከዚህ እንደምንረዳው አንድ አዲስ ውሁድ ሊያነጣጥርባቸው የሚችሉ ሦስት ዒላማዎች አሉ። እነርሱም ሥቃዩ፣ ብግነቱና ጠባሳው ናቸው።

ባሕር ለምን ተመረጠ?

ከባሕር ፍጥረታት ብዙዎቹ ከዐለት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ፣ የማይሮጡ፣ ጥርስም ሆነ ጥፍር የሌላቸው ናቸው። መከላከያቸው ኬሚስትሪ ነው። ለምሳሌ በቀይ ባሕር የሚኖር ኔጎምባታ ማግኒፊካ የተባለ ስፖንጅ ሲጨመቅ የሚያወጣው ቀይ ፈሳሽ ዓሦችን ያሸሻል። ከዚህ ስፖንጅ በ1980 የተለየው ላትረንኩሊን የሕዋስን ቅርጽ የሚደግፈውን አክቲን የተባለ ፕሮቲን ስለሚያፈርስ፣ ዛሬ በሕዋስ ጥናት ቤተ ሙከራዎች መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል።

የባሕር ውሁዶች መድኃኒት መሆን መቻላቸው ከታወቀ ቆይቷል። ቨርነር በርግማንና ሮበርት ፊኒ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሪቢያን ባሕር ስፖንጅ ውስጥ ያገኟቸው ያልተለመዱ ኑክሊዮሳይዶች ሳይታራቢን የተባለውን የደም ካንሰር መድኃኒት ለመሥራት መነሻ ሆኑ። ይህም መድኃኒት በ1969 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ዒላማ አንድ፦ ሥቃይ

ዓሣ አድኖ የሚበላ ኮነስ ማገስ የተባለ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ። ራሱ ቀርፋፋ ሲሆን ፈጣኑን ዓሣ የሚያሸንፈው በመርዙ ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባልዶሜሮ ኦሊቬራ የመሩት ቡድን ከዚህ መርዝ ውስጥ ከ25 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ሞለኪዩል ለይቶ አወጣ። ሞለኪዩሉ የሥቃይ መልእክት በሚያስተላልፉ ነርቮች ላይ የሚገኙትን የካልሲየም መተላለፊያ በሮች ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ መልእክቱ ወደ አንጎል አያልፍም።

ይኸው ሞለኪዩል ዚኮኖታይድ በሚል ስም በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በሌላ መንገድ ለማይታገሥ ጽኑ ሥቃይ እንዲውል በ2004 በአሜሪካ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ በፓምፕ መሰጠት አለበት፤ ግራ መጋባትንና የሌለ ነገር ማየትን የመሰሉ ጎንዮሽ ጉዳቶችም አሉት። ከዚህም ሌላ ሥቃይን ያስታግሣል እንጂ ቆሽትን አያድንም።

ዒላማ ሁለት፦ ብግነት

ቡናማ የባሕር አልጌዎች ፉኮይዳን የተባለ፣ ሰልፌት የተሸከመ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ያመርታሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ ተጎዳው አካል ከመግባታቸው በፊት ሴሌክቲን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር መጣበቅ አለባቸው። ፉኮይዳን ይህን መጣበቅ ያሰናክላል። በ2014 በወጣ ጥናት አጣዳፊ የቆሽት ብግነት በተፈጠረባቸው አይጦች ላይ ጉዳቱን መቀነሱ ተዘግቧል። ነገር ግን ፉኮይዳን ደም እንዳይረጋ የማድረግ ባሕርይ አለው፤ አወቃቀሩም እንደ አልጌው ዝርያና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ስለዚህ ሁሉም «ፉኮይዳን» አንድ ዐይነት ነገር አይደለም።

ሽሪምፕንና ሳልመንን ቀይ የሚያደርገው ቀለም፣ አስታዛንቲን፣ ኃይለኛ አንቲኦክሲዳንት ነው። እርሱም በ2017 በወጣ ጥናት በአይጦች ላይ አጣዳፊ የቆሽት ብግነትን አቅልሏል።

ዒላማ ሦስት፦ ጠባሳ

በዓሣ ዘይት የሚገኙት ኦሜጋ 3 የቅባት አሲዶች መነሻቸው ደቂቅ የባሕር አልጌዎች ናቸው፤ ዓሣው ከምግቡ ያገኛቸዋል። አጥቢ እንስሳት ኦሜጋ 6ን ወደ ኦሜጋ 3 መለወጥ አይችሉም። ተመራማሪዎች ግን ይህን ለማድረግ የሚያስችል ጂን ከአንድ ደቂቅ ትል ወስደው በአይጥ ውስጥ አስገቡ። በ2008 በታተመ ጥናት በእነዚህ አይጦች ላይ ተደጋጋሚ የቆሽት ብግነት ሲፈጠር ከተራ አይጦች ያነሰ ብግነትና ያነሰ ጠባሳ ታየባቸው። ከላይ ከጠቀስናቸው የአይጥ ጥናቶች ሥር ወደ ሰደደው ዐይነት ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ነው።

የዓሣ ዘይት መድኃኒት በደም ውስጥ እጅግ የበዛ ትራይግሊሰራይድን ለመቀነስ በ2004 በአሜሪካ መፈቀዱ እውነት ነው። ይህ ፈቃድ ግን የደም ቅባትን ለመቀነስ እንጂ የቆሽት ብግነትን ለማከም አይደለም።

ወሳኙ ጥያቄ፦ ከጉዳቱ በፊት ወይስ በኋላ?

ከላይ በተመለከትናቸው የአይጥ ሙከራዎች ብግነቱ የሚፈጠረው ሴሩሊን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሴሩሊን በ1960ዎቹ ከአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪት ቆዳ የተገኘ ሲሆን፣ ቆሽትን ኢንዛይም እንዲያመነጭ የሚያዝዘውን የሰውነት ሆርሞን ይመስላል። በብዛት ሲሰጥ ቆሽትን ከልክ በላይ ያነቃቃና በሰዓታት ውስጥ ይጎዳዋል። ለሳምንታት ሲደጋገም ጠባሳን ይፈጥራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ማለት ያለበት ነገር አለ። በአስታዛንቲኑ ሙከራ አይጦቹ ውሁዱን ያገኙት ሴሩሊን ከመሰጠቱ አስቀድሞ ነው። ጂን የተሰጣቸው አይጦችም ኦሜጋ 3ን ከልደታቸው ጀምሮ ሲያመርቱ ኖረዋል። ሰው ግን ወደ ሐኪም የሚሄደው ከታመመ፣ ብዙውን ጊዜም ጠባሳው ከተፈጠረ በኋላ ነው። እሳት እንዳይነሣ የሚከላከል ነገር የተቃጠለውን ቤት መልሶ እንደማይሠራ ሁሉ፣ ጉዳትን አስቀድሞ የሚከላከል ውሁድም የቆየ ጠባሳን ያስወግዳል ማለት አይደለም።

በሰዎች ላይ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያሉ። ጥናቶቹ የፈተሹት የባሕር ውሁዶችን ሳይሆን ሴሌኒየምንና ቫይታሚኖችን የያዙ አንቲኦክሲዳንቶችን ነው። በ2009 ከሕንድ ዴልሂ የወጣው ጥናት 127 ሕሙማንን አሳትፎ፣ አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት ሥቃያቸው መቀነሱን አሳየ። በ2012 ከእንግሊዝ ማንቸስተር የወጣው ጥናት ግን በሕሙማኑ ደም ውስጥ የአንቲኦክሲዳንት መጠን ቢጨምርም ሥቃያቸው አምሳያ ክኒን ከወሰዱት እንዳልተለየ ደመደመ። የሁለቱ ጥናቶች ሕሙማን በበሽታቸው መነሻ ይለያዩ ነበር። አንድ ውሁድ በደም ውስጥ መገኘቱና ሕመምተኛውን መርዳቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

የአቅርቦት ችግር

ውሁዱ ጠቃሚ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከየት ይመጣል? ትራቤክቴዲን የተባለውና በ2007 በአውሮፓ የተፈቀደው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው በካሪቢያን ከሚኖር ቱኒኬት ነው። አንድ ግራም ለማግኘት አንድ ቶን ያህል እንስሳ ያስፈልግ ነበር። በዚህ መንገድ ቢቀጠል ባሕሩ በተራቆተ ነበር። መፍትሔው ባክቴሪያ በጋን አሳድጎ ተቀራራቢ ሞለኪዩል ማስመረትና ቀሪውን በኬሚስትሪ ማጠናቀቅ ሆነ። ስለዚህ ከባሕር የሚወሰደው በመሠረቱ የሞለኪዩሉ ንድፍ እንጂ ጭነቱ አይደለም።

ማጠቃለያ

ባሕር ለቆሽት ሕመምተኞች መነሻ የሚሆኑ ሐሳቦችን ሰጥቷል። ለሥቃይ የተፈቀደ መድኃኒት አለ፤ ለብግነትና ለጠባሳ ግን ያለው በአብዛኛው የእንስሳት ሙከራ ነው። ስለዚህ የአልጌ ወይም የዓሣ ዘይት ክኒን ቆሽትን ያድናል ብሎ በሐኪም የታዘዘን ኢንዛይም ወይም ኢንሱሊን መተው አደገኛ ነው። ለተመራማሪው ደግሞ የቀረው ሥራ ግልጽ ነው፤ ውሁዱን ጠባሳው ከተፈጠረ በኋላ መስጠት፣ ኮከብ መሰሎቹ ሕዋሳት ወደ ጸጥታቸው መመለሳቸውን ማየት፣ ከዚያም በሰው ላይ ከአምሳያ ክኒን ጋር ማነጻጸር። የነገዎቹ ኬሚስቶች፣ ባዮሎጂስቶችና ሐኪሞች በዚህ ሥራ ሰፊ ድርሻ ይኖራቸዋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ትራይፕሲን በቆሽት ውስጥ በትራይፕሲኖጅን መልክ መመረቱ ምን ጥቅም አለው?
2. ኮከብ መሰል ሕዋሳት ሲነቁ የሚያሳዩአቸውን ሦስት ለውጦች ዘርዝር።
3. አንድ የባሕር ውሁድ የቆየ የቆሽት ጠባሳን መመለስ አለመመለሱን ለማወቅ በአይጦች ላይ የሚደረግ ሙከራ ንደፍ። ውሁዱ መቼ ይሰጣል? የሚነጻጸሩት የአይጥ ቡድኖችስ እነማን ናቸው?