የሰርቨር አስተዳደር ሶፍትዌር ተከላና የአገልግሎት አካውንት ፈቃድ

በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ሌ ሞንድ ጋዜጣ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሣር ቤት በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት መረጃ ወደ ሻንጋይ ይልኩ እንደነበር ዘገበ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባብለዋል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ አንድ ቴክኒካዊ ጥያቄ ይነሣል፦ ሰው በሌለበት ሰዓት በሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በማን ስም ይሠራል? በአገልግሎት አካውንት ነው።

የማይክሮሶፍት ኦፕሬሽንስ ማኔጀር ሲተከል አራት አካውንቶችን ይጠይቃል፤ አንዱ ክትትሉን ያካሂዳል፣ አንዱ የውቅረትና የመረጃ አቅርቦት አገልግሎቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ በሪፖርት ቋቱ ላይ ደግሞ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። የቸኮለ ባለሙያ አራቱንም በአንድ የዶሜን አስተዳዳሪ አካውንት ይሞላል። ተከላው ያለ እንከን ስለሚያልቅ ጉድለቱ አይታይም፤ የይለፍ ቃሉ የተሰረቀ ዕለት ግን መላው ዶሜን ይጋለጣል።

ስለዚህ ለየሥራው የተለየ አካውንት ተከፍቶ በአገልግሎትነት የመግባት መብት ብቻ ይሰጠዋል፤ ሰው በኪቦርድ እንዳይገባበትም ይከለከላል። ሶፍትዌሩ ከፈቀደ፣ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ያለው የቡድን አገልግሎት አካውንት ይመረጣል፤ የይለፍ ቃሉን በየ30 ቀኑ ራሱ ስለሚለውጥ ሥራ የለቀቀ ባለሙያ ይዞት አይሄድም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከተሰጠ ፈቃድ በላይ መግባትንም ይቀጣል። ሁሉም ነገር የተፈቀደለት አካውንት ግን ከፈቃዱ ማለፉ በምን ይታወቃል?