ሞተሪኖውን ከመጣልህ በፊት

ልጄ፣ አሮጌውን ሃይሉክስ ለሥራ ልታሰማራው መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስሪ ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ዘይቱን በጊዜ ለቀየረለት ሰው ረጅም ዘመን ያገለግላል። ግን ጠዋት ጠዋት በጎረቤት ጉልበት እየተገፋ ነው የሚነሳው አሉኝ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ጥለህ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምክ እንደሆነም ሰማሁ። ሞተሪኖ ሙሉ በሙሉ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው አንድ ክፍሉ ነው። ስለዚህ እጅህን ወደ ኪስህ ከመስደድህ በፊት የምልህን ስማኝ።

1. አስቀድመህ አዳምጠው። ቁልፉን ስታዞር አንዴ “ቀጭ” ብሎ ዝም የሚል፣ ደጋግመህ ስትሞክር ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት የሚነሳ ከሆነ፣ በዚህ መኪና ሞተሪኖ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው የመዳብ ኮንታክት ነው። “ቀጭ ቀጭ ቀጭ” እያለ ቶሎ ቶሎ ከተርገበገበና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ ባትሪውን ወይም ገመዱን ጠርጥር። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ዞሮ ሞተሩ ንቅንቅ ካላለ ጥፋተኛው የፊቱን ጥርስ የሚይዘው ቤንዲክስ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ቫልቮላውን፣ ሪሌውንና የቁልፉን ቤት እይ፤ ሞተሪኖው ምንም ላይሆን ይችላል።

2. ባትሪውንና ማሳውን (ኔጌቲቩ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበትን) ሳትለካ መፍቻ አታንሳ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሰው ቁልፍ እያዞረልህ ስትለካው ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን አስፈትሽ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ ያዝና እንደገና አስነሳ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካየህ ማሳው ታሟል ማለት ነው። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድ ፍታው፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ መልሰህ አጥብቀው። በዚህ ብቻ ተነስቶ የሄደ ስንት መኪና አለ መሰለህ! ሳይለካ “ሞተሪኖህ ሞቷል” ብሎ ደንበኛውን የሚያስከፍል ባለሙያ እኔ ባለሙያ አልለውም።

3. መለወጡ ግድ ከሆነ የምትገዛውን ዕወቅ። የአንተ ሞተር አየሩን ወደ 22 እጥፍ ገደማ አምቆ ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው፤ ይህን ለማዞር ብርቱ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ የናፍጣው ሞተሪኖ ከቤንዚኑ ይበረታል፤ የቤንዚን ሃይሉክስ ሞተሪኖ ቢገጥምልህ እንኳ አይጠቅምህም። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፤ 12 ቮልት፣ 2 ኪሎዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚል ፈልግ። በተለይ ቮልቱን ደግመህ አንብብ። አንዳንድ የጃፓን የናፍጣ መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ ሞተሪኖዎቹ ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ የ24ቱን በ12 ብታስገባው እየተጎተተ ይዞራል እንጂ አያስነሳልህም። የፊቱን ጥርስ ቁጥር ከራስህ ጋር አስተያይ። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ እንጂ ፎቶ አይበቃም።

4. ያገለገለ ሞተሪኖ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትገባ አትቸኩል። ከሃይየስ ሚኒባስ የወረደ ሞተሪኖም ሊሆንህ ይችላል፤ እንደ ስሪ ኤል ያሉ የኤል ሞተሮች በሁለቱም መኪኖች ላይ ተገጥመዋልና። የፊቱን ጥርስ በጣትህ አዙረው፤ በአንድ በኩል በነፃነት መዞር፣ በሌላው መያዝ አለበት። በሁለቱም ከዞረ ቤንዲክሱ አልቋል። አፍንጫህንም አስጠጋ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ ጥቅልሉ ነዷልና መልሰህ አስቀምጠው። ሻጩን በባትሪ እንዲያስዞርልህ ጠይቅ፤ ደረሰኝም ተቀበል። ከየት እንደመጣ የማይነግሩህን ዕቃ በነፃም ቢሰጡህ አትንካው፤ የሌላ ሰው እንጀራ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል።

5. አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ከሁለቱ ሞተሪኖ አንድ ደህና ማውጣት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። አሮጌህን በግራ፣ የገዛኸውን በቀኝ አድርገህ፣ የፈታኸውን ሁሉ በፈታህበት ቅደም ተከተል ደርድር። ሶሌኖይዱን ከማርሹ ቤት ስትለይ ከቤንዲክሱ ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ትወድቃለች፤ መሃል ካለው ማርሽም ትናንሽ ሮለሮች ይበተናሉ። ነጩን ጨርቅ አንጥፍ ያልኩህ ለእነሱ ነው። ኳሷ ከጠፋች ሁሉም ነገር ተገጥሞ ሞተሪኖው ጥርሱን አይገፋም፤ ቀኑን ሙሉም ምክንያቱን ስትፈልግ ትውላለህ።

የሶሌኖይዱን ክዳን ክፈት። ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ታያለህ፤ ከባትሪው ገመድ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ተበልቶና ጠቁሮ ይገኛል። ከተበላ አዲስ አስገባ። ዋጋው ከሞተሪኖው ጋር አይወዳደርም፤ ቀይ መዳብ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። በፕላንጀሩ ላይ ያለውንም የመዳብ ክብ አትርሳው፤ እሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከጎደጎደ የገዛኸው ሞተሪኖ ላይ ያለውን ውሰድ። ካርቦን ግን ያገለገለ በጭራሽ አትጠቀም። ያገለገለ ካርቦን ሌላ አርማቹር (የሚዞረው ጥቅልል) ላይ ሲበላ የኖረ ስለሆነ በአንተው ላይ እስኪለምድ ያለ ልክ ይፈነጥቃል።

አርማቹሩን ከሁለቱ መርጠህ ውሰድ። ካርቦኖቹ የሚረግጡበትን መዳብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያዞርክ አጥራ፤ በመዳቦቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ የሞላውን የካርቦን ዱቄት በቀጭን ነገር አውጣ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ዘንጉ ላይ፣ ሌላውን በየመዳቡ ላይ አስነካ፤ አንዱም ቢሆን ከጮኸ ያ አርማቹር ወደ ማሳ ወርዷል፤ ወደ ጎን አድርገው። ኩሽኔታውን በጣትህ አሽከርክር፤ አሸዋ እንደገባበት የሚንኳኳውን ለውጥ። ቤንዲክሱንና ጥቅልሉን ቤንዚን ውስጥ አትንከር። ቤንዲክሱ ውስጡ የራሱ ቅባት አለው፤ ከታጠበ ዕድሜው ያጥራል። በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ማርሾቹ ላይ ትንሽ ግራሶ አድርግ፤ ኮንታክትና ካርቦን ዘንድ ግራሶ አይድረስ።

6. ከመግጠምህ በፊት ሞርሳ ላይ እሰረው። ኔጌቲቩን ከአካሉ፣ ፖዘቲቩን የባትሪው ገመድ ከሚታሰርበት ትልቅ ቡሎን አገናኝተህ፣ በአጭር ሽቦ ከዚያው ቡሎን ወደ ትንሿ የማስነሻ ጫፍ አስነካ። ጥርሱ ወደፊት ወጥቶ በእኩል ድምፅ መዞር አለበት። ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታስዞረው።

7. አሮጌውን ለማውረድም ሆነ ይህን ለመግጠም መኪናው ሥር ስትገባ ነገር ሁሉ ይለወጣል፤ እዚህ ላይ ልለምንህ። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፤ ስትጨርስ በመጨረሻ እሰረው። ወደ ሞተሪኖው የሚመጣው ወፍራም ገመድ በቫልቮላ አያልፍም፤ ባትሪው እንደታሰረ መፍቻህ ገመዱንና ሻንሲውን አንድ ላይ ከነካ እጅህን ያቃጥላል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ፤ ጎማውንም ድንጋይ አስደግፍ። ማርሹን ዜሮ አድርግ።

8. አሮጌው በወረደበት ቀዳዳ የእጅ ባትሪ አብርተህ የቮላኖውን ጥርስ ተመልከት። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የመቆም ልማዱ በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ ስለዚህ ጥርሱ የሚበላው እዚያው እዚያው ነው። ሞተሩን በእጅ እያዞርክ ዙሪያውን ሙሉ እይ። ጥርሱ ከተበላ አዲስ ሞተሪኖም አያድንህም፤ ካምቢዮው ወርዶ ይሠራል።

9. የሚገጠምበትን ፊት እስኪያበራ ፈግፍገው፤ ማሳው የሚያልፈው በእሱ ነው። የትልቁን ገመድ የጎማ ክዳን መልሰህ አልብሰው። ጠዋት ስታስነሳ የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ፤ በተለይ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ብርዳማ አገር የምታድር ከሆነ። ከ10 ሰከንድ በላይ አታስጩኸው፤ እንቢ ካለህ ግማሽ ደቂቃ አሳርፈህ ድገም።

10. ከሁለቱ የተረፈውን በአንድ ጣሳ አስቀምጥ፤ ደህናው የማርሽ ቤት፣ ቡሎኖቹ፣ ሮለሮቹ። የነደደ ጥቅልል ካለ ሞተር ለሚጠቀልሉ ልጆች ውሰድላቸው፤ መዳቡን ይፈልጉታል። በጣሳው ላይ የገጠምክበትን ቀንና የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደመጣ ጻፍበት።