ኩሽኔታን በሙቀት ማስገባት፦ ለወፍጮ ቤት ሰው ደረጃ በደረጃ

በሞርሲቶ ከተማ ወፍጮ ቆመ ማለት እህል ተሸክሞ የመጣ ሁሉ ሳያስፈጭ ይመለሳል ማለት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ኩሽኔታው ሲገባ ነው። የጠነከረ ብረት የሆነው የውስጥ ቀለበት ሻፍቱን አጥብቆ ካልያዘ እየተንሸራተተ ይበላዋል። በመዶሻ ከገባ ደግሞ ምቱ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ቀለበቱን በልክ አሙቆ ማስፋት ይሻላል። ለምሳሌ ቁጥሩ 6310 የሆነውን ኩሽኔታ እንውሰድ፤ የቁጥሩ መጨረሻ 10 በ5 ሲባዛ ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር ነው።

1. ለቶርኖ ቤት ልክ ይስጡ። «50 አድርግልኝ» አይበቃም፤ ሻፍቱ ከ50.002 እስከ 50.013 ይሁን። ጠርገው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሦስት ቦታ በማይክሮሜትር ይለኩ። ትኩስ ሆኖ የተለካ ሻፍት ሲቀዘቅዝ ያንሳል።

2. ያስሉ። ቀዳዳው እስከ 49.988 ሊጠብ ስለሚችል ከትልቁ ሻፍት ጋር ያለው ልዩነት 0.025 ነው። በእጅ እንዲገባ 0.020 ይጨምሩ፤ 0.045 ይሆናል። 50 ሚሊ ሜትር ብረት በየዲግሪው 0.0006 ገደማ ይሰፋል። 0.045ን ለ0.0006 ሲያካፍሉ 75 ያገኛሉ። ቤቱ 20 ዲግሪ ከሆነ ኩሽኔታው 95 ይድረስ።

3. ከ120 ዲግሪ አይለፉ። ከዚያ በላይ የብረቱ ጥንካሬና ልኩ አደጋ ላይ ይወድቃል። የጋዝ ነበልባል ፈጽሞ አያስጠጉ። የውሃ ጠብታ ሲፈላ አይቶ «መቶ ደረሰ» ማለትም አያዋጣም፤ በሆሳዕና ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቴርሞሜትር ይያዙ።

4. ያሙቁ። ሽፋን የሌለውን ኩሽኔታ ንጹሕ ዘይት ባለበት ድስት ውስጥ፣ የድስቱን መቀመጫ እንዳይነካ ወንፊት ላይ አስቀምጠው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያሙቁ። የጎማ ሽፋን ያለው በዚህ መንገድ አይሞቅም፤ ጎማውና ግራሶው ይበላሻሉ።

5. ያስገቡ። ጓንት አድርገው ሳያመነቱ እስከ ሻፍቱ ትከሻ ይግፉት፤ እስኪጨብጥም ተጭነው ይያዙት። ሲቀዘቅዝ ወርዱም ስለሚጠብ፣ ከለቀቁት ከትከሻው ይሸሻል።

6. ይፈትሹ። ሲቀዘቅዝ በእጅ ያዙሩት። ከከበደ ወይም ከጎረበጠ ሞተር አያስነሱ፤ ሻፍቱን እንደገና ይለኩ።

የለኩትን ቁጥር ከወፍጮው አጠገብ ግድግዳው ላይ ይጻፉት። ቀጣዩ ኩሽኔታ ሲገዛ ስሌቱ ከዚያ ይጀምራል።