ሚጡዬ፣ አቆጣጠሩን አትንኪው

እስኪ ጠጋ በይልኝ፣ ካርታዎቹን ልያቸው። ፎርሃንድ፣ ባክሃንድ፣ ስማሽ... ለእያንዳንዱ ምት የራሱን ካርታ ሠርተሽለታል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ለጊዜው ግን ወደ ጎን አድርጊያቸው። ቴኒስን ቴኒስ የሚያደርገው አቆጣጠሩና ሰርቩ ነው።

«ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል» ያልሽውን ሰርዢው። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ፌደረር 218 ነጥብ አገኘ፣ ጆኮቪች 204፤ ዋንጫውን የወሰደው ጆኮቪች ነው። በ14 ነጥብ አንሶ! አንድ ጌም ሲያልቅ ትርፍ ነጥብ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ስለዚህ 40 ለ0 ላይ ያለች ነጥብና ዲውስ ላይ ያለች ነጥብ ክብደታቸው ለየቅል ነው። ተጫዋቿ ይህ ካልተሰማት የሠራሽው ራኬት የተሳለበት ሌላ ጨዋታ ነው።

አሁን ተራ ካርታ አምጪ። ባለሥዕሎቹን አውጪ፣ 40ዎቹ ይቅሩ፤ አስ 1 ትባል። ሰርቭ የምታደርገው አንድ ካርታ ትጥላለች፣ ከክምሩም አንድ ትገልጣለች። ድምሩ ከ15 ከበለጠ ኳሱ ወጥቷል። በ9 ብትመታ ከ10 ጊዜ 4 ያህሉ ይወጣባታል፤ በ5 ብትመታ ግን መቼም አይወጣም። እንግዲህ ሁለት ዕድል አላት፦ መጀመሪያ በ9 ትደፍራለች፣ ከወጣባት በ5 ትጠነቀቃለች። እውነተኛ ተጫዋቾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በመልስ ምት ላይ ግን መግለጡን ተይው፣ ጨዋታው ይጎተታል።

መላሿ ከመጣው ካርታ ቢበዛ በ3 የሚያንስ መጣል ትችላለች። ለ9 ቢያንስ 6 ያስፈልጋታል ማለት ነው፤ ከሌላት ነጥቡ ሄደ። በሣር ሜዳ 3ቱን 2 አድርጊው፣ ኳሱ ፈጣን ነው። በሸክላ ሜዳ 4 ይሁን፣ ምልልሱ ይርዘም።

ከሁሉም በላይ ድካሙን አደራ። ሲጀመር 8 ካርታ ይያዝ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ የሚሳበው 2 ብቻ ይሁን። ረጅም ምልልስ እጅን ያራቁታል። ያኔ 40 ለ0 እየተመራች ያለችው መላሽ 10ሯን ሰርቭ ለመመለስ ታጠፋታለች ወይስ ጌሙን ለቃ ለራሷ ሰርቭ ታቆያታለች? እኔ ይህችን ውሳኔ ከሥዕሎቹ ሁሉ አስበልጣታለሁ።

ማብቂያም አብጂለት። በ2010 ዊምብልደን ላይ ኢስነርና ማዩ ለ3 ቀናት ተከፋፍሎ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የፈጀ ግጥሚያ ተጫውተዋል፤ የመጨረሻው ሴት 70 ለ68 አለቀ። አንቺ 4 ጌም ይበቃሻል፤ 3 ለ3 ከሆነ ታይብሬክ።

ማተሚያ ቤት ለመሄድ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ቴኒስ አይታ ከማታውቅ ጓደኛሽ ጋር ተጫወቺው፤ ዲውስ ላይ ስትደርስ እጇን ደጋግማ ካላየች የሚሳበውን ካርታ ቀንሺና እንደገና ሞክሪ።