በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የሚፈተነው የስልክ ማውጫ

ምንባብ

ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ዘመን ለንግድ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው የደንበኞቹን ስምና አድራሻ መያዝ ቢፈልግ መሣሪያው ትንሽ ደብተር ነበረች። ደብተሯ ጠባብ ስለ ሆነች የማያስፈልግ ስም አይገባባትም፤ ገጿ ሲሞላም ባለቤቱ ሌላ ገዝቶ የሚጠቅመውን ብቻ እየመረጠ ይገለብጣል። በዚህ አኳኋን ማውጫው በየጊዜው ራሱን ያጸዳ ነበር ማለት ይቻላል።

በአዲሱ ሐዲድ የሚጓዘው መንገደኛ ግን የሚወርደው ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በናጋድ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከጅቡቲ ከተማ ዳር ይገኛል። ባቡሩ በድንበሩ ላይ ያለውን የደወሌን ጣቢያ ካለፈ በኋላ አሊ ሳቢህንና ሆልሆልን አቋርጦ እዚያ ይደርሳል። ከመንገደኛው ኪስ የሚወጣውም ደብተር ሳይሆን ስማርት ስልክ ነው። ስልኩ እንደ ደብተር ገጹ አልቆ ባለቤቱን ስለማያስቸግር፣ ስም በስም ላይ ሲከመርበት ዓመታት ያልፋሉ። ጉድለቱ የሚታወቀው በቸገረ ቀን ነው።

ለምሳሌ ያህል ከድሬዳዋ ተሳፍሮ ናጋድ የወረደ አንድ ነጋዴ እንውሰድ። ነጋዴው ከወደብ የሚያወጣው ዕቃ አለው፤ ዕቃው በሰዓቱ ካልወጣ ደግሞ ለማከማቻ የሚከፈለው ገንዘብ በየቀኑ ይጨምራል። እንደ ወረደም የኢትዮጵያውን ሲም ካርድ አውጥቶ የጅቡቲ ቴሌኮምን ሲም ካርድ አስገባ። ወዲያው ከሚያውቃቸው ስሞች አያሌዎቹ ከማውጫው ጠፉ። ያልጠፉትን ደግሞ ቢደውልላቸው አልጠራ አሉ። በመጨረሻም «ትራንዚተር» ብሎ ሲፈልግ በዚህ ስም የተመዘገቡ ሦስት ቁጥሮች አገኘ፤ የትኛው የማን እንደ ሆነ ግን ማስታወስ አልቻለም።

የመጀመሪያው ችግር ምክንያቱ ስሞቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው። አንድ ስም በሲም ካርዱ ላይ፣ በስልኩ ማኅደር ወይም በኢንተርኔት በኩል በሚገኝ መዝገብ፣ ለምሳሌ በጉግል መዝገብ ሊቀመጥ ይችላል። በስልኩ መስተዋት ላይ ሁሉም በአንድ ዝርዝር ስለሚታዩ ልዩነታቸው አይታወቅም። በሲም ካርዱ ላይ የተቀመጠው ስም ካርዱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። በጉግል መዝገብ የተቀመጠውን ግን ባለቤቱ ከአንዱ ስልክ ቢሰርዘው፣ በዚያው መዝገብ ከሚጠቀምባቸው ስልኮች ሁሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ማጽዳት የሚጀመረው ስሙ የት እንደ ተቀመጠ በማየትና የሁሉንም ቅጂ በሌላ ስፍራ በማኖር እንጂ በመሰረዝ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከቁጥሮቹ አጻጻፍ ነው። ነጋዴው የኢትዮጵያን ቁጥሮች የመዘገበው በ09 እያስጀመረ ነበር። መነሻው ዜሮ ግን የሚያገለግለው በአገር ውስጥ ብቻ ነው። ከጅቡቲ ሲደወል ዜሮው ተትቶ በምትኩ የኢትዮጵያ መለያ 251 ከመደመር ምልክት ጋር መግባት አለበት። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም የሚሰጣቸው በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም እንደዚሁ ናቸው። የጅቡቲ ቁጥሮች መለያ 253 ሲሆን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት አኃዞች ስምንት ናቸው። በ+251 የተጻፈ ቁጥር አዲስ አበባም ሆነ ናጋድ ስለሚሠራ፣ ማውጫውን ሁሉ አንድ ጊዜ በዚህ መልክ ማረም ከድካም ያድናል።

ሦስተኛው ጉዳይ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ለአማርኛ ተማሪም ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው። ስልክ ድምፅ አይሰማም፤ ፊደል ያያል። በአፍ ሲጠሩ አንድ የሆኑት «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» በስልክ ዘንድ ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። በአንደኛው ፊደል የተመዘገበው ሰው በሌላው ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ባለቤቱም የለኝም ብሎ ዳግመኛ ይመዘግበዋል። አንዱን ሰው በአማርኛና በላቲን ፊደል መመዝገብም እንዲሁ መደጋገምን ያመጣል። ስልኩ የተደጋገሙትን ስሞች ለይቶ አንድ ላይ የሚያዋሕድበት ዘዴ አለው፤ ሆኖም አንዱ ሰው በሁለት ስምና በሁለት ቁጥር ተመዝግቦ ከሆነ ስልኩ ሊያውቀው አይችልም። እዚህ ላይ የሚሠራው የባለቤቱ ዓይን ብቻ ነው።

የስም አወጣጣችንም ከመሣሪያው ጋር ሙሉ በሙሉ አይስማማም። የስልኩ ቅጽ የተዘጋጀው የቤተ ሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። ኢትዮጵያዊ በዚያ ቦታ የአባቱን ስም ይጽፋል። አንዳንድ ስልኮችም ስሞችን የሚደረድሩት በዚህ በሁለተኛው ስም ስለ ሆነ፣ አበበ ከበደ በ«አ» ሲፈለግ በ«ከ» ሥር ይገኛል። ደግነቱ አደራደሩ ከስልኩ ማስተካከያ ሊለወጥ ይችላል። ከስሙ ቀጥሎ ሥራውንና ከተማውን መጻፍ ግን መልካም ልማድ ነው። ነጋዴው «ትራንዚተር» ብቻ ከማለት ይልቅ ስሙን ከነአባቱ ጽፎ «ትራንዚተር፣ ጅቡቲ» የሚል ቢጨምርበት ኖሮ በጣቢያው አዳራሽ ላይ ታች ባላለ ነበር።

እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ የመሰረዝ ተራ ይመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ዕቃ ያመላለሰ ሹፌር፣ ቤት ካገኘ በኋላ ያልተፈለገ ደላላ፣ ማንነቱ የማይታወስ «አዲሱ ቁጥር» የሚል ስም፣ እነዚህን ለመሰረዝ ብዙ ማሰብ አያሻም። በጉግል መዝገብ የተሰረዘ ስም ለ30 ቀን በመጣያው ስለሚቆይ በስሕተት የጠፋ ቢኖር ይመለሳል። የሚከብደው በሞት የተለየ ሰው ስም ነው። ብዙዎች የእናታቸውን ወይም የወንድማቸውን ቁጥር ለመሰረዝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ይህንም እንደ ስንፍና መቍጠር አይገባም። ነገር ግን አገልግሎት ላይ ያልዋለ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ አንድ ቀን የሟቹ ስም በማያውቁት ሰው ጥሪ መስተዋቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ስሙን ትቶ ቁጥሩን ብቻ መሰረዝ፣ በቁጥሩም ፈንታ ያረፈበትን ቀን መጻፍ ይቻላል።

ናጋድ የወረደው ነጋዴ የኢትዮጵያውን ሲም ካርድ መልሶ አስገብቶ፣ በካርዱ ላይ የነበሩትን ስሞች ወደ ስልኩ ገለበጣቸው። የትራንዚተሩን ቁጥር ያገኘው ግን ከዕቃው ሰነድ ላይ ነበር፤ በብዕር ተጽፎ።

ጥያቄዎች

1. የደብተር ማውጫ «ራሱን ያጸዳ ነበር» የተባለው ስለ ምንድን ነው?
2. ነጋዴው ሲም ካርዱን በለወጠ ጊዜ ስሞቹ ሁሉ ያልጠፉት ለምንድን ነው?
3. ድምፃቸው አንድ፣ ፊደላቸው ልዩ ልዩ የሆኑ አምስት የሰው ስሞችን ጻፉ፤ እያንዳንዱም በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል አሳዩ።
4. «እጃቸው አይታዘዝም» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።