የብስክሌት ቁምጣ አመራረጥና አያያዝ

ናይሮቢ የተቈረቈረችው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ ይዘረጋ ለነበረው የባቡር ሐዲድ የሥራ ጣቢያ ሆና ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሥፍራ ላይ ስለምትገኝ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም ጧቷ ይቀዘቅዛል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ግን ፀሐይዋ ትከራለች። ከተማይቱ ሰፊ ናት። ሠራተኛው የሚኖርባቸው መንደሮችና ፋብሪካዎቹ ያሉበት ሠፈር የተራራቁ በመሆናቸው፣ ማታቱ ለሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ በየቀኑ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰው ወይ በእግሩ ይሄዳል፤ ወይ ብስክሌት ይነዳል። ይህ ምንባብ እንዲህ ያለው ብስክሌተኛ ስለሚለብሰው ቁምጣ ያወሳል።

የብስክሌት እሽቅድድም በናይሮቢ አካባቢ እንግዳ ስፖርት አይደለም። በቱር ደ ፍራንስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም የተወለደው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ በልጅነቱ ያሠለጠነውም ዴቪድ ኪንጃ የተባለ ኬንያዊ ብስክሌተኛ ነው። እንደነዚህ ያሉት ተወዳዳሪዎች የሚለብሱት ቁምጣ ከገላ ጋር የሚጣበቅና በመቀመጫው በኩል ስፖንጅ የተደረበበት ነው። በቀድሞ ዘመን ቁምጣው ከሱፍ ይሠራ ነበር፤ በስፖንጁም ፈንታ ለስላሳ ቆዳ ይሰፋበት ነበር። ቆዳው ታጥቦ በደረቀ ቁጥር እየጠጠረ ስለሚያስቸግር፣ ብስክሌተኞቹ ቅባት እየቀቡ ያለሰልሱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ሰው ሠራሽ ክር ፈለሰፈ። ላይክራ በሚል የንግድ ስም የታወቀው ይህ ክር ውሎ አድሮ የሱፉን ቁምጣ ከውድድር ሜዳ አስወጣው።

ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ብዙ ሰዓት በብስክሌት ላይ ለሚውል ተወዳዳሪ የተሠራ ነው። ግማሽ ሰዓት ነድቶ ከሥራው የሚደርስ ሰው ግን ከብስክሌቱ ወርዶ ይራመዳል፤ ይቆማል፤ ጭነት ያነሣል። ስፖንጁ በእግሮቹ መካከል ይወታተፍበታል፤ ላብ ይቋጥርበታል፤ ታጥቦ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ለእንዲህ ዐይነቱ ሰው ስፖንጅ የሌለው ተራ ቁምጣ ይሻለዋል። ይሁንና ተራ ቁምጣ ሁሉ ለብስክሌት ይሆናል ማለት አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰው ኮርቻ በሚባለው የብስክሌት መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ፣ የገላው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በመቀመጫው ላይ ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ነው። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ጭኑ ከኮርቻው አፍንጫ ጋር ይተሻሻል። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳሉን የሚያዞር ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱን እግሩን 1800 ጊዜ ያመላልሳል። በመካከሉ ወፍራም ስፌት ቢኖር፣ ያ ስፌት ቆዳውን ያን ያህል ጊዜ ይፈገፍገዋል ማለት ነው። በላብ የረጠበ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ቶሎ ይላጣል። በመጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ያቃጥላል፤ ካላረፈ ይቆስላል፤ ቁስሉም ሊመግል ይችላል። በቀን ሂሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ አንድ ቀን ቢያርፍ የዚያን ዕለት ገቢ ያጣል፤ ሦስትና አራት ቀን ቢቀር ደግሞ በቦታው ሌላ ሰው ሊተካበት ይችላል። የቁምጣ ስፌት የእንጀራ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በናይሮቢ ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ቁምጣውን የሚገዛው በአብዛኛው ከጊኮምባ ነው። ጊኮምባ ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ በናይሮቢ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ ትልቅ ገበያ ሲሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከኢስሊ ሠፈርም ሩቅ አይደለም። እኛ ሰልባጅ የምንለውን ልብስ ኬንያውያን ሚቱምባ ይሉታል፤ ቃሉ በስዋሂሊ እስር ወይም ጥቅል ማለት ነው። ልብሱ በየጥቅሉ ታስሮ ከባሕር ማዶ በሞምባሳ ወደብ በኩል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የኬንያ መንግሥት ይህን ንግድ አግዶት ነበር፤ ነገር ግን እገዳው ዓመት ሳይሞላው ተነሣ። የገበያው ጥገኛ ብዙ ነውና።

ጥቅሉ ሲፈታ ነጋዴው ልብሱን በየደረጃው ይለያል። ከሁሉ የተመረጠው በነጋዴዎቹ አነጋገር “ካሜራ” ይባላል፤ በመጨረሻ የሚተርፈው ደግሞ “ፋጊያ” ይሰኛል፤ ይኸውም “ጥረግ” እንደ ማለት ነው። ይህ አከፋፈል ለብስክሌተኛ ብዙም የሚረዳ አይመስልም። ልብሱ የሚለየው ይበልጡን በመልኩና በንግድ ምልክቱ እንጂ በውስጥ ስፌቱ አይደለም። ስለሆነም ከፋጊያው ክምር ውስጥ ስሙ ያልታወቀ፣ ግን በጥሩ እጅ የተሰፋ ቁምጣ ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋውም የካሜራውን ያህል አይሆንም።

ቁምጣ ስትመርጡ በመጀመሪያ ገልብጡት። በተለመደው ሱሪ አራት ስፌቶች በብሽሽት ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ያች ነጥብ ሰው በኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ልክ ከሥሩ ትውላለች። ጣታችሁን አስኪዱባት። እንደ ቋጠሮ ከጎረበጠቻችሁ፣ ቁምጣው ቢያምርም ለብስክሌት አይሆንም። በሚገባ የተሠራ ቁምጣ በዚያ ሥፍራ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ይገባበታል፤ ስፌቶቹም በአንድ ነጥብ መገናኘታቸው ይቀርና ወደ ጎን ይሸሻሉ። ስፌቱ ራሱ ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል። የጂንስ ቁምጣ ጠንካራ ቢሆንም የማይመከረው ስፌቱ በመደራረቡ ነው።

ከዚያ የመቀመጫውን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ብርሃኑን እንደ ወንፊት ካሳለፈ፣ ቁምጣው በሌላ ሰው ኮርቻ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። ስፌቱን ከግራና ከቀኝ ሳቡት፤ ተከፍቶ ክሩ እንደ ጥርስ ፈገግ ካለ ብዙ አይቆይም። የወገቡን ላስቲክ ደግሞ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ደክሟል። ላስቲክ ግን በጥቂት ገንዘብ ስለሚለወጥ፣ ስለዚህ ብቻ ጥሩ ቁምጣ መተው አይገባም።

የጨርቁን ዐይነት በተመለከተ ሰዎች ይከራከራሉ። ንጹሕ ጥጥ ለገላ ይስማማል፤ ለአጭር መንገድም ይበቃል፤ ነገር ግን ላቡን ጠጥቶ ቶሎ ስለማይለቅ እርጥብ እንደ ሆነ ይፈገፍጋል። ናይለንና ፖሊስተር ፈጥነው ይደርቃሉ፤ ሽታ ግን ይይዛሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅለውበት ጥቂት ላይክራ የታከለበት ጨርቅ ለናይሮቢ ቀዝቃዛ ጧትና ሞቃት ቀትር የተሻለ ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ይሁን፤ ካቴና ካለ ግራሶ አይጠፋምና።

ልኩን በቆማችሁበት ብቻ አትፍረዱ። ብስክሌት ላይ እንዳላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ አንሡ። ከኋላ ወርዶ ወገባችሁን የሚያጋልጥ፣ ወይም ጭናችሁን የሚያስር ከሆነ መልሱት። ከመጠን ያለፈ ስፋትም አደገኛ ነው። ብስክሌተኛው በመገናኛ መንገድ ላይ ቆሞ እንደገና ሲነሣ የኮርቻው አፍንጫ ጨርቁን ሊይዝበትና ከመኪናዎች መካከል ሊጥለው ይችላል። ቁምጣ በእኛም አገር የሥራ ልብስ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የጎጃም ገበሬ ቁምጣ ለብሶ ያርሳል። የገበሬው ቁምጣ የሚመዘነው በእርምጃ ነው፤ የብስክሌተኛው ግን በመቀመጥም ጭምር ነው።

ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ስፌቱ ብቻ የሚጎረብጥ ቁምጣ ካጋጠማችሁ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይወሰዳል። በስዋሂሊ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ፉንዲ ይባላል፤ በጊኮምባ የስፌት መኪናቸውን ይዘው የሚሠሩ ፉንዲዎች አሉ። ፉንዲው የብሽሽቱን ስፌት ፈትቶ ቁራጭ ጨርቅ ያስገባበታል፤ የተረፈውንም ጠርዝ አስተኝቶ ይዘመዝመዋል።

ወደ አያያዙ እንለፍ። ከገበያ የመጣ ሰልባጅ ሳይታጠብ አይለበስም፤ በብዙ እጅ አልፏልና። ከዚያ በኋላ ቁምጣው በተለበሰ ማግስት ሳይሆን በዚያው ምሽት መታጠብ አለበት። ላብ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ጨውም እንደ ደቃቅ አሸዋ ገላንም ክርንም ይፈገፍጋል። በናይሮቢ ብዙ መንደሮች ውሃ የሚገዛው በ20 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ፣ በየምሽቱ ማጠብ ብክነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድን ቁምጣ ገልብጦ በ2 ሊትር የሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ ማሸት፣ በ3 ሊትር ደግሞ ማለቅለቅ ይበቃል። የፈላ ውሃና በረኪና የላይክራን ክር ስለሚገድሉ ከቶ አይጨመሩበትም። ግራሶ ከነካው፣ ጨርቁ ውሃ ሳይነካው በፊት ፈሳሽ ሳሙና ቀብቶ ማሸት ነው።

ሲጨመቅ እንደ ገመድ አይጠመዘዝም፤ በሁለት መዳፍ መካከል ተጫኑት። ከዚያም ከወገቡ ይዛችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ስቀሉት። ብርቱ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዛል፤ ላስቲኩንም ያደርቃል። የጋለ ካውያ እንዲሁ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የናይሮቢ ሰማይ ዳምኖ ስለሚሰነብት፣ በጧት ያልደረቀ ቁምጣ ሊያጋጥም ይችላል። እርጥቡን ለብሶ መሄድ ቁስል መጥራት ስለሆነ፣ ሁለት ቁምጣ እያፈራረቁ መልበስ አንድ ውድ ቁምጣ ከመያዝ ይሻላል።

መቀመጫው መሳሳት ሲጀምር ሳይቀደድ ይጣፋል፤ ጥፉም ከውጭ በኩል ይሁን፤ ከውስጥ ከሆነ ጠርዙ ገላን ይበላል። ሁለተኛ ጥፍ የጠየቀ ቁምጣ ግን ለኮርቻ አይሆንም። ቁልፎቹና ደኅና የሆነው ላስቲኩ ተፈትተው ለሌላ ይቀመጣሉ፤ ጨርቁም ካቴና መጥረጊያ ይሆናል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በተነገሩበት ስሜት ፍቱ፤ እያንዳንዱንም በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ፦ ይፈገፍጋል፣ ይመግላል፣ ይወታተፋል፣ ይዘመዝማል፣ ይጣፋል።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ስጡ።
1. ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ለተወዳዳሪ እየተስማማ ለፋብሪካ ሠራተኛ የማይስማማው ለምንድን ነው?
2. “የቁምጣ ስፌት የእንጀራ ጉዳይ” የሆነበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. ጸሐፊው “ካሜራ” እና “ፋጊያ” የሚባለው አከፋፈል ብስክሌተኛን ብዙም አይረዳም ይላል። በዚህ አስተያየት ትስማማላችሁ? ምክንያት ስጡ።
4. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ጠይቃችሁ፣ የሱሪ ብሽሽት እንዴት እንደሚሰፋ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።